የላይኛው ሰው ቦይ

ሻይ የሚተክል አንድ ሰው ነበረ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ውድነሽ። «ምንም ያልሰጠችኝን ሴት በምን አመሰግናታለሁ?» ብለሻል። የእንጀራ እናትሽ ታማ ተኝታለች፤ ስምሽን ትጠራለች። አንቺ ደግሞ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልሽ ደጄ ላይ ተቀምጠሻል። በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ከቤት አውጥታ ከተማ ሰው ቤት አስቀመጠችሽ። ለበዓል እንኳ እንድትመጪ አልፈቀደችም። አንዴ ሳትጠሪ ብትመጪ ከደጅ መለሰችሽ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አሁን አንቺ ስሚ። ብዙ ማውራት አልወድም፤ አንድ ጊዜ ነው የምነግርሽ።

ሰውየው የዚህ አገር ተወላጅ አልነበረም። በድርቁ ዘመን ከሰሜን በጭነት መኪና ከመጡት አንዱ ነው። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነበር። ከነማን ጋር እንደተነሣ አልነግርሽም፤ ሲደርስ ብቻውን ነበር። አንድ ብርድ ልብስና አንድ ዶማ ሰጡት።

ሥራ ያገኘው አንድ ትልቅ የሻይ እርሻ ውስጥ ነው። ሥራው የአረም መድኃኒት መርጨት ነበር። መርጫው በጀርባ ይታዘላል፤ ክዳኑ ያፈሳል። ጠዋት ሲያዝሉት ይቀዘቅዛል፤ ቀትር ላይ ጀርባን ይለበልባል። ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ቆዳው አብሮ ይነሣ ነበር። ስድስት ዓመት ተሸከመው። ስለዚያ ስድስት ዓመት ይህ ይበቃል።

«ጋሼ፣ ሰውየው እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«አንድ ሰው ነው ያልኩሽ።»

«ጀርባዎ ላይ እኮ ጠባሳ አለ። ልብስ ሲቀይሩ አይቻለሁ።»

«ሻይ የሚተክል ሰው ሁሉ ጀርባ አለው። ስሚ።»

ቆይቶ መሬት ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰው ማንም ያልፈለገው ቁልቁለት ነው። ፍየል እንኳ አስባ የምትረግጠው ዓይነት። ሻይ ግን ቁልቁለት ይወዳል፤ ውሃ ሥሩ ላይ ሲተኛበት አይስማማውም። ችግኙን በጀርባው እያወጣ ተከለ። ሚስት አገባ። ተክሉም ያዘለት። «ማንም አልረዳኝም» ይል ነበር። ይህን የሚለው በኩራት ነበር፤ እንደ ስሙ ይይዘው ነበር።

ከእሱ በላይ፣ ከተራራው ትከሻ ላይ፣ የሌላ ሰው የበቆሎ ማሳ ነበረ። ባለቤቱ የአገሩ ሰው ነው፤ ሽማግሌ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ። ሰፈሩ ሁሉ «የላይኛው ሰው» ይለው ስለነበር እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። ሁለቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ አይጠጋጉም ነበር።

አንድ ዓመት በጥር ወር፣ ያለ ኬሚካል የበቀለ ሻይ እንገዛለን የሚሉ ሰዎች መጡ። ሃያ ስድስት ሻይ ተካዮችን ከላይኛው ሰው ዋርካ ሥር ሰበሰቡ። ሕጋቸው አጭር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ መሬቱ ላይ ማዳበሪያም የአረም መድኃኒትም አይወርድም። በሦስተኛው ዓመት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ አፈርና ቅጠል ወስዶ ያስመረምራል። ንጹሕ ከሆነ ሻዩ ኦርጋኒክ ተብሎ ገበያ ያገኛል። ካልሆነ ሦስቱ ዓመት እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል። ሃያ ስድስቱም እንደ አንድ ማሳ ነው የሚታዩት፤ አንዱ ቢያበላሽ ሁሉም ይወድቃል።

ሰዎቹ ፈሩ። አረሙን በእጃችን ልንጨርሰው ነው ወይ? ማዳበሪያ ካልሰጠነው ምን ሊያበቅል ነው? ተንጫጩ። ያን ጊዜ ሻይ ተካዩ ተነሣ። ንግግር አያውቅም። ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸውና ሸሚዙን እስከ ትከሻው ገለበ።

«ይህን ያደረገው ነገር በእኔ መሬት ላይ ሁለተኛ አይወርድም» አለ። ሸሚዙን መልሶ ተቀመጠ።

ሃያ ስድስቱም ፈረሙ።

የላይኛው ሰው ሻይ አልነበረውም። ዋርካው የእሱ ስለሆነ ብቻ ከኋላ በዱላው ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሁሉን አይቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ማዳበሪያ የለመደ ተክል ሲከለከል ያኮርፋል። ቅጠሉ በግማሽ ቀነሰ። አረሙ ግን ቀን የጠበቀ ይመስል ተነሣ። ባልና ሚስት ተንበርክከው በእጃቸው ነቀሉ። ፍግ፣ አመድ፣ የተገረዘ ቅርንጫፍ እያበሰበሱ ሥሩን አለበሱ። የላይኛው ሰው አልፎ አልፎ ከላይ ቆሞ ያያቸዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሻይ ነው ወይስ ሣር ነው የተከልከው?»

«ሁለቱንም ነው።»

«ታዲያ የምታፈላው የቱን ነው?»

ሚስትየው ትስቃለች። ባልየው አይስቅም።

አንድ ተስፋ ያደረገው ነገር ነበር። በየክረምቱ ከላይኛው ማሳ ጥቁር አፈር በጎርፍ እየታጠበ ይወርድና ከላይኞቹ የሻይ መስመሮች ሥር ይተኛል። የቁልቁለት ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ከላይ የወረደ ደለል ለታች ሰው ሲሳይ ነው። ማዳበሪያ ባልተፈቀደበት ዓመት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ክረምቱን ቆጥሮ ይጠብቅ ነበር።

በግንቦት የላይኛው ሰው ዶማ ይዞ ወጣ። ከድንበሩ በላይ፣ በራሱ መሬት፣ ከዳር እስከ ዳር ቦይ ይቆፍር ጀመር። ያ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ለብቻው አሥራ አንድ ቀን ቆፈረ። ሻይ ተካዩ ሲያይ ሰነበተና በመጨረሻ ወጣ።

«አያ፣ ይሄ ቦይ ለምንድን ነው?»

«ለውሃ።»

«ውሃውማ ወደኔ ነበር የሚወርደው።»

«ከእንግዲህ አይወርድም።»

ሽማግሌው ይህን ብሎ ቁፋሮውን ቀጠለ። ሻይ ተካዩ ጥርሱን ነክሶ ተመለሰ። ሚስቱን፣ «አየሽ? አፈሬን ዘጋብኝ። ሊዘጋ የፈለገው አሁን፣ ስቸገር ነው» አላት። ሚስቱ፣ «እስቲ የሚሄድበትን እየው» አለችው። አላየም። ያ ቦይ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድም ቀን አልተከተለውም። ሰው በልጅነቱ ብዙ ነገር ከተወሰደበት፣ ሲያድግ የሚያየው እጅ ሁሉ የሚወስድ ይመስለዋል። ሦስት ክረምት በየግንቦቱ ቦዩ እየተጠረገ ጠለቀ። ሦስት ክረምት እሱ ከታች ቆሞ ጎርፉ ከበላዩ ሲያልፍ አየ። ሰላምታቸውም ቀረ።

የላይኛው ሰው በቆሎው ላይ መድኃኒት እንደሚያስረጭ ያውቅ ነበር። ሽታውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነገር ግን አፈሩን እንጂ ከአፈሩ ጋር የሚመጣውን አላሰበም። ስድስት ዓመት የተሸከመው ሰው ይህን መሳቱ ያስገርምሽ ይሆናል። ተበድያለሁ ያለ ሰው በዳዩን ነው የሚያየው፤ ውሃውን አያይም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ሞተ። የዕድሩ አባል ሁሉ መሄድ ነበረበት። የላይኛው ሰው ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ገና በጠዋት ቁልቁል ወረደ። ሻይ ተካዩ ሚስቱን ላከና፣ «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ቀረ።

ሰፈሩ ጭር ሲል ዶማውን አነሣ። ወጥቶ የቦዩን ዳር ሁለት ክንድ ያህል ናደው። አፈሩን ቁልቁል ገፋና ቦታውን እንደ በር ከፈተው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ የሰኔ ዝናብ እንዴት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ጎርፉ በተከፈተው በኩል ዞሮ ወረደ። ጥቁሩ ደለል በላይኞቹ መስመሮች መካከል እየተንሸራተተ ሥራቸው ላይ ተኛ። እሱ በዝናቡ ቆሞ አየው። ደስ አለው። የተሰረቀበትን ያስመለሰ ሰው ደስታ ነበር።

የላይኛው ሰው በዋዜማው አስረጭቶ ነበር።

ሽማግሌው ከለቅሶ ሲመለስ ዝናቡ ገና አላባራም። የተናደውን አየ። ቤቱ አልገባም፤ ዶማም አላመጣም። በነጭ ጋቢው ቦዩ ውስጥ ገባና ድንጋይና ሣር ያለበት ጓል በእጁ እየለቀመ ቀዳዳውን ደፈነ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሻይ ተካዩ ከደጁ ቆሞ ያየው ነበር፤ አልሄደም። ሽማግሌውም ወደ ታች አላየም። ሲጨርስ ጋቢው ነጭ አልነበረም።

በማግስቱ አልተነጋገሩም። «ምን ይላል? ሌባ ምን ይናገራል?» አለ ሻይ ተካዩ በልቡ።

አምስት ሳምንት አለፈ። የላይኞቹ መስመሮች አዲስ ቅጠል አወጡ። ቅጠሉ ግን የሻይ ቅጠል አልመስል አለ፤ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ የገረጣ፣ እንደ መጥረጊያ አንድ ላይ የታጨቀ። ሚስቱ ቀጥፋ አመጣችለት።

«ይሄ ምን በሽታ ነው?»

በእጁ ይዞ አገላበጠው። በሽታ እንዳልሆነ ያውቃል። በወጣትነቱ መርጫው ሲንጠባጠብበት የነበረ የሻይ ቁጥቋጦ ልክ እንዲህ ያደርግ ነበር። ተቆጣጣሪው ሊመጣ የቀረው አሥር ቀን ነው። ቅርንጫፉን እንደያዘ ወደ ላይ ሮጠ።

የላይኛው ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ በቆሎ ይፈለፍል ነበር።

«መረዝከኝ!» አለ ሻይ ተካዩ። «ሦስት ዓመት የለፋሁበትን አጠፋህብኝ! ሃያ ስድስት ቤት ነው የገደልከው!»

«ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው ቁም።» ሽማግሌው ቅርንጫፉን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። መልሶ ሰጠው። «ቦዩን ማን ከፈተው?»

ሻይ ተካዩ ቅርንጫፉን ከጀርባው ደበቀ።

«ከለቅሶ ስመለስ ተከፍቶ አገኘሁት። ሚስቴ አይጥ ነው አለች። በዚህ አገር ዶማ የያዘ አይጥ አላውቅም።» ዱላውን ያዘና ተነሣ። «ና።»

በቦዩ ዳር እየመራ ወሰደው። ቦዩ በማሳው ግርጌ በኩል አልፎ የተራራውን ትከሻ ዞረ። ሻይ ተካዩ ያን ወገን አይቶት አያውቅም። ቦዩ እዚያ የሚያልፈው በሽማግሌው ምርጥ መሬት መካከል ነው። ግራና ቀኙ አራት አራት እርምጃ ያህል በቆሎ አልተዘራም፤ ውሃውን እንዲያጠልል ሣር ብቻ ተተክሎበታል። ከዚያ ወርዶ ድንጋያማ ገደል ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ አፈር እዚያ ድንጋይ ላይ ፈሶ ቀርቷል። ማንም አልዘራበትም፤ ማንም ሊዘራበትም አይችልም። ሰረቀኝ ያለው አፈር ለማንም አልጠቀመም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ሻይ ተካዩ። ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ብነግርህ መርጨት ተው ትለኝ ነበር። መተው አልችልም። ጉልበቴ ለአረም አይንበረከክልኝም፤ ልጅ የለኝም። ቁፋሮ ግን ቆሜ እችላለሁ።» በዱላው ወደ ገደሉ ጠቆመ። «መርዙ የእኔ ነው። አንተ ላይ ለምን አወርደዋለሁ?»

ሻይ ተካዩ ከቦዩ ዳር ተቀመጠ። ማንም አልረዳኝም ሲል የኖረባቸውን ሦስት ዓመታት አሰበ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድ ሽማግሌ ከበላዩ ቆሞ ጎርፉን በእጁ ሲመልስለት ኖሯል። እሱ ከታች ሆኖ ሲረግመው ኖሯል።

ቤቱ ሲመለስ ግን ሰው ሰው ነውና ፈራ። መግረዣውን አነሣ። የታመሙትን መስመሮች ከርክሞ አዲስ የተገረዙ ሊያስመስላቸው አሰበ። ሚስቱ መንገድ ላይ ቆመች።

«ቅጠሉን ትቆርጣለህ። አፈሩንስ ታጥበዋለህ?»

«ሃያ ስድስት ቤት ነው፣ ሴትዮ!»

«አዎ። ሸሚዝህን ገልበህ ያስፈረምካቸው ናቸው። ዛሬም ግለብ።»

መግረዣውን አስቀመጠ። ስለዚህች ሴት እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሌላ አልልም።

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ወጣት ሴት ናት። ሃያ ስድስቱ ተሰብስበው ሳለ ሻይ ተካዩ ተነሥቶ ያደረገውን ተናገረ፤ ቦዩን እንደናደው፣ ዕድሩን ዋሽቶ እንደቀረ፣ መግረዣ እንዳነሣ። ምንም አላስቀረም።

ከመካከላቸው አንዲት ባልቴት፣ «በጀርባህ አስፈርመህ በዶማህ ጨረስከን!» ብላ ጮኸች። ሌላው ምራቁን ተፋ። እሱ ቆሞ ተቀበለ። ተገቢ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ጫማዋ በጭቃ እስኪዋጥ ድረስ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ተከተለች፤ እስከ ገደሉ ወረደች። ከየመስመሩ አፈር ወሰደች። ከዚያ ሽማግሌውን ጠየቀችው።

«አባባ፣ ይህን ቦይ ቆፍሩ ብሎ ማን አዘዘዎት?»

«እኔን ማን ያዘኛል?»

«ታዲያ ለምን ቆፈሩ?»

«ከታች ቃል የገባ ሰው አለ።»

ከዚህ በቀር አልመለሰላትም። እሷም ደጋግማ አልጠየቀችውም፤ ጽፋ ደብተሯን ዘጋች።

ውጤቱ ሲመጣ ጳጉሜን ነበር። መድኃኒቱ የደረሰው ከላይ እስከ አሥራ ሁለተኛው መስመር ነው። መድኃኒቱ ከዚያ አልፎ ስላልወረደ ሕጉ ሁሉንም አልጣለም፤ እነዚያ አሥራ ሁለቱ ብቻ ተለይተው ሦስቱን ዓመት እንደገና ይጀምራሉ። የቀረው የሰውየው ማሳና ሃያ አምስቱ ሁሉ ንጹሕ ተባለ። ተቆጣጣሪዋ አንድ ቃል ጨምራ ልካ ነበር። ቀዳዳው በዚያው ዕለት ባይደፈን ኖሮ፣ የሚቀጥለው ዝናብ መርዙን እስከ ታች ማሳዎች ሁሉ ያወርደው ነበር። እኔን የደነቀኝ ይህ ነው። ሃያ ስድስት ቤት የዳነው ስብሰባ ላይ በተናገረ ሰው አይደለም። ከለቅሶ በተመለሰ፣ ምንም ባልፈረመ፣ አንድ የሻይ ቅጠል በሌለው ሽማግሌ ነው።

ሻይ ተካዩ ከንጹሑ ሻይ የመጀመሪያውን በቅል አድርጎ ወደ ላይ ወጣ። ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀረበ።

«አያ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም።»

«እኔ ሻይ አልጠጣም። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል።»

«እንግዲያው ምን ላድርግልህ?»

«ግንቦት ላይ ዶማህን ይዘህ ና።»

ሄደ። በዚያ ግንቦትና ከዚያ በኋላ በየግንቦቱ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆፍሩ ነበር። ብዙ አይነጋገሩም፤ አንዱ ከሌላው የባሰ ዝምተኛ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሻይ ተካዩ የሽማግሌውን በቆሎ ተንበርክኮ ማረም ጀመረ። በአራተኛው ዓመት ያ ማሳ መድኃኒት አልፈለገም። የላይኛው ሰው ሲሞት ቀባሪው ብዙ ነበር፤ ሻይ ተካዩም አልቀረም። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። እንዲህ ያለ ሰው ከበላዬ ስላስቀመጠልኝ ተመስገን እላለሁ፤ አንድ ሰው ነው ያልኩሽን እንግዲህ ተይው፤ ቀድሞም ገብቶሻል።

እንግዲህ ውድነሽ፣ የታችኛው ማሳ አንቺ ነሽ። ቦዩ የእንጀራ እናትሽ ናት።

ከቤት በወጣሽበት ዓመት፣ ለአንድ የአርባ ዓመት ሰው አንቺን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች አባትሽ ዘንድ ገብተው ነበር። አባትሽ እሺ ብሎ ነበር። ቀን ተቆርጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አንቺ የለሽም። «ልጅቷ ሄዳለች፤ የት እንዳለች ብታርዱኝ አልናገርም» አለች እንጀራ እናትሽ። ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስት ጊዜ መለሰቻቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ሰውየው አባትሽ ቤት ይመላለስ ነበር። ለዚህ ነው በበዓል አትምጪ ያለችሽ። ሳትጠሪ በመጣሽ ቀን ሰውየው ጓዳ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣ ነበር። አንቺን ከደጅ ባትመልስሽ በዚያ ቀን አትመለሺም ነበር። አባትሽ ስለዚህ ነገር እሷ ላይ ያደረገውን አልነግርሽም። ቦይ ጎርፍ ሲሸከም ራሱም ይሸረሸራል።

ለምን አልነገረችኝም ትያለሽ። ብትነግርሽ አባትሽን ትጠዪው ነበር። አባትሽን ከምትጠዪ እሷን ብትጠዪ መረጠች። አሁን እሱ ሞቷል፤ እኔም ነገርኩሽ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። ያኔ ገና ቦይ ተከትዬ አልሄድኩም ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ደጅ ላይ ቆማ፣ «የራስህ ሴት ልጅ ብትሆን ትሰጠው ነበር?» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ስድብ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ስለ እሷ አመሰግናለሁ። ከአንቺ ላይ የመለሰችው ጎርፍ ከእኔም ላይ ነው የመለሰችው፤ ያን ነገር ፈጽሜው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም ነበር።

የሰጠንን ሰው እናውቀዋለን፤ የሰጠን ነገር እጃችን ላይ ነው። ያልደረሰብን ነገር ግን ዱካ የለውም፤ ስለዚህ ያስቀረልንን ሰው ባዶ እጁን ያየነው ይመስለናል። ምንም አልሰጠችኝም ያልሽው ዓመታት ሁሉ፣ የተማርሽበት፣ ያደግሽበት፣ ባልሽን ራስሽ የመረጥሽበት፣ የእሷ ናቸው። እሷ ዘንድ ስትደርሺ በቃል ለማመስገን አትቸኩዪ፤ እሷም እንደ ላይኛው ሰው ናት፤ ምስጋና መቀበል አታውቅም። የታመመ ሰው ጎኑን የሚያገላብጥለት ይፈልጋል። ልብሱ መታጠብ አለበት። በዚያ ጀምሪ።